ከሞፈር እስከ ቅጥቅጥ፦ የአርሲ ደጋ ባለጎማውን እንዴት ፈተነው?

ሮቤ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ባሌ ይሄዳል። እዚህ የምትነሣው ግን የአርሲዋ ሮቤ ናት፤ ከአሰላ በስተምሥራቅ፣ ከጭላሎና ከጋለማ ተራሮች ባሻገር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተቆረቆረች የስንዴ፣ የገብስና የጤፍ አገር። አፈሯ መረሬ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው ኮቲቻ ይለዋል። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ውኃ የሚተኛበትን ጥቁር አፈር ለማጥናት ከመረጣቸው ቦታዎች አንዷ ሮቤ የሆነችውም በዚሁ አፈሯ ነው።

መረሬ ሁለት ጠባይ አለው። ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የያዘውን ጎማ አይለቅም፤ ፈረስ እስከ ጉልበቱ ይገባበታል። በጋ ሲሆን ደግሞ ደርቆ የሰው እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት የታተመበት የኮቴና የጎማ ፈለግ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። በዚህ ሜዳ ላይ የሚሄድ ባለጎማ ሁሉ በዓመት ሁለት ዳኛ ፊት ይቆማል። ጭቃው የከበደውን ያሰምጠዋል፣ ደረቁ ፈለግ የሳሳውን ይሰብረዋል።

በዓለም ያሉ የከባድ መኪና ሠሪዎች ሁሉ የሚጨነቁበት ጥያቄ ይኸው ነው። የመኪናው አካል አንድ ኪሎ ሲቀንስ አንድ ኪሎ ተጨማሪ እህል ይጫንበታል። ነገር ግን ብረቱ ከየት ላይ ቢቀነስ እንደማይጎዳ አስቀድሞ ካልታወቀ፣ መልሱ የሚገኘው ጭነት ይዞ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ባለ ሀብቱ ፋብሪካ ይህን ለማወቅ የፈተና መንገድ ይሠራል፣ መኪናውን በማሽን ያንቀጠቅጣል። አርሲ እንዲህ ያለ ገንዘብ ኖሮት አያውቅም። ጥያቄው ግን ከጎማም በፊት በሞፈርና በቀንበር ጊዜ ተነሥቷል፤ መልሱም በአንድ ዘመን አሰላ ላይ በወረቀት ይጻፍ ነበር።

ከሞፈሩ እንጀምር። የአገራችን ማረሻ ከነቀንበሩ ሲመዘን ከ17 እስከ 26 ኪሎ ግራም ነው። ገበሬው በጠዋት ሞፈሩን ትከሻው ላይ ጥሎ በሬዎቹን እየነዳ ወደ ማሳው የሚወርደው ለዚህ ነው። ብረት የሆነው ክፍል ጥቂት ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ማረሻና የሚያስረው ወገል። ሌላው እንጨትና ጠፍር ነው። ድንጋይ ሲመታ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ድግሩ ወይም ማሰሪያው ነው፤ እሱም ከጓሮ በተቆረጠ እንጨት በዚያው ቀን ይተካል። የማረሻው ጫፍ ሲደንዝ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ይመታል። ቅለቱ ከብረት እጦት የመጣ ብቻ የሚመስለው ሰው የአሠራሩን ጥበብ ሳያይ ያልፋል። የትኛው ክፍል ቀድሞ መሰበር እንዳለበት፣ ማን እንደሚጠግነውና በምን እንደሚጠግነው አስቀድሞ ተወስኖ የተሠራ መሣሪያ ነው።

ፈተናውም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ለሞፈር የሚሆን እንጨት ሲመረጥ ጉጥ ያለበት ይተዋል፤ ጉጡ አጠገብ እንደሚሰበር ከአባት የተወረሰ እውቀት ነው። እንጨቱ ቶሎ እንዳይደርቅ ከፀሐይ ይሸሸጋል፤ በችኮላ የደረቀ ይሰነጠቃልና። እነዚህን ሕጎች የጻፈ የለም። በየዓመቱ የሚሰበረው ሞፈር ግን ለሚቀጥለው ዓመት ሞፈር ትምህርት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው በምህጻሩ ነው፤ ካዱ። መቀመጫው አሰላ፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ስዊድናዊው ቤንግት ኔክቢ፣ የሥራ ክልሉ ደግሞ 10 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የጭላሎ አውራጃ ነበር። ካዱ ሲነሣ የሚታወሰው ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩና ብድሩ ነው። ከክፍሎቹ አንዱ የእርሻ መሣሪያዎች ምርምር ክፍል መሆኑ ግን ብዙ አይወራም። ይህ ክፍል አፈር የሚገለብጡ የብረት ማረሻዎችን፣ በበሬ የሚጎተቱ መከስከሻዎችንና ጋሪዎችን እየሠራና ከውጭ የመጡትንም እያመጣ፣ በጣቢያውና በገበሬው ማሳ ላይ ሲፈትን ቆየ።

ዋናው ቁም ነገር መጻፋቸው ነው። ካዱ የሥራ ዘገባዎቹን በተራ ቁጥር እያሳተመ አወጣ፤ የመሣሪያ ክፍሉም የራሱን የእድገት ዘገባዎች አወጣ። አንድ ማረሻ ምን ያህል እንደከበደ፣ በሬዎቹን ምን ያህል እንዳደከመ፣ ገበሬው ወደደው ወይስ ጥግ አስያዘው የሚለው ሁሉ ከወሬ ወጥቶ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ለፈተና የወጣው ወጪም ትልቅ አልነበረም። የፈተናው ሜዳ የገበሬው ማሳ፣ ጉልበቱ የገበሬው በሬ፣ ዳኛውም ራሱ ገበሬው ነበር። ካዱ ሞዴል ገበሬ ብሎ የመረጣቸው ሰዎች አዲሱን ነገር ቀድመው ይሞክሩ ነበርና የጎረቤታቸው ዐይን ሁልጊዜ በላያቸው ነበር።

ያ ዳኛ ደግሞ አላዳላም። የብረት ማረሻዎቹ አፈሩን በደንብ ይገለብጡ ነበር፤ ነገር ግን ከበዱ፣ የበሬውን ጉልበት ጨረሱ፣ ዋጋቸው ከፍ አለ፣ ሲሰበሩም በጓሮ እንጨት አይጠገኑም። ገበሬው ወደ ሞፈሩ ተመለሰ። በበሬ የሚጎተተው ጋሪም በሰፊው ሳይለመድ ቀረ። ጋሪው ገንዘብ ይጠይቃል፤ መንደርና ገበያን የሚያገናኘው መንገድ የሰውና የአህያ ጠባብ መንገድ ነበር፤ በሬም በእርሻ ወቅት ከማሳ አይወጣም። ካዱ ወደ ገጠር የሚያስገቡ መንገዶችን ራሱ እስከመሥራት የደረሰው መንገድ ከሌለ ጋሪም ማዳበሪያም የትም እንደማይደርስ ስለገባው ነው።

ይህን እንደ ክሽፈት የሚያነቡ አሉ። የፈተና ዓላማ ግን የማይሆነውን ብዙ ገንዘብ ሳይፈስበት ማወቅ ነውና፣ ጥቂት ማረሻና ጥቂት ጋሪ ሠርቶ የገበሬውን መልስ በሁለት በሦስት ዓመት መስማት ርካሽ ትምህርት ነው። ውድ የሆነው ትምህርት ሌላ ነበር። በዚያው በጭላሎ የመሬት ባለቤቶች ትራክተር እያስገቡ እርሻቸውን ማስፋት ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከያዙት መሬት ተነቀሉ። ትራክተሩ የሰው ኑሮ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት በማንም ጣቢያ አስቀድሞ አልተመዘነም፤ ዋጋውን የከፈሉትም የተፈናቀሉት ናቸው።

በሬው ያልያዘውን ቦታ ፈረስ ያዘው። አርሲ ድሮም የፈረስ አገር ነው። መንገዱ እየሰፋ፣ ከተሞቹም እያደጉ ሲሄዱ ባለ ሁለት ጎማው የፈረስ ጋሪ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በሮቤ መንገዶች ላይ የዕለት መጓጓዣ ሆነ። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ገደማ ትሸከማለች፤ ጎዳናው ደህና ከሆነ ግን አንድ ፈረስ በጋሪ ብዙ ኩንታል ይጎትታል። ልዩነቱን ያመጣው አየር የተነፋ የመኪና ጎማና በኩሽኔታ የሚሽከረከር አክስል ነው።

ጋሪ ሠሪው የሚሠራበትን ቤት በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው የተሽከርካሪ ምህንድስና በአንድ መደብ ተሰጥቶ ይታያል። አሮጌ ጎማና ቸርኬ፣ ከመኪና የወጣ አክስል፣ የተቆረጠ ባሌስትራ፣ ቱቦላሬና የባሕር ዛፍ ጣውላ። ሠሪው ፍሬሙን በይዶ ሲጨርስ ጎማውን ከመሬት ያነሣና በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጎን ይወዘውዘዋል፤ የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ማሰሪያው ላልቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ጎማውን ያሽከረክርና ጆሮውን ያስጠጋል። ጥሩ ኩሽኔታ እንደ ሹክሹክታ ያለ ድምፅ አለው፤ የተጎዳው ያንኳኳል። ብየዳውን ደግሞ በትንሽ መዶሻ ይመታዋል። ጥርት ብሎ የሚያስተጋባ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ አልያዘም ይባላል። በመጨረሻም ራሱ ይወጣበትና ረዳቶቹን ጨምሮ ይዘልበታል። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

እውነተኛ ፈተና ነው፤ አንድ ነገር ግን ያመልጠዋል። ዛሬ የያዘው ብየዳ ከስድስት ወር በኋላ እንደሚይዝ መዶሻው አይነግርም። በአንድ ጊዜ ጫና የማይሰበር ብረት መቶ ሺህ ጊዜ ሲደጋገምበት ይሰበራል። የዚህ ነገር ታሪክ አውሮፓ ውስጥ በአሳዛኝ አደጋ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ የሚመለስ ባቡር የፊተኛው ሎኮሞቲቭ አክስሉ ተሰብሮ ከሐዲዱ ወጣ፤ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። አክስሉን የገደለው ሲደጋገምበት የኖረ ጫና ነበር። በኋላ አውጉስት ቬለር የሚባል የፕሩሺያ የባቡር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ውስጥ እጅግ ቀላል መሣሪያ ሠራ። ፉርጎው ሲሄድ አክስሉ ምን ያህል እንደሚለመጥ በዚንክ ሰሌዳ ላይ የሚጭር ስለት ነበር። ባቡሩ ሄዶ ሲመለስ የጭረቱ ርዝመት ይለካል፤ ያ መለመጥ ደግሞ ቤት ውስጥ አክስል በሚያሽከረክር ማሽን ላይ እስኪሰበር ድረስ ይደገማል። ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠራው የተሽከርካሪ ጥንካሬ ፈተና ሁሉ የዚህ ጭረት ልጅ ነው።

ቀጣዩን እርምጃ የወሰደው እንደ ካዱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሁሉ ስዊድናዊ ነው። አርቪድ ፓልምግሬን ኩሽኔታ በሚሠራው የኤስ ኬ ኤፍ ኩባንያ ሲያገለግል እ.ኤ.አ. በ1924 ያሳተመው ሐሳብ፣ ባላገሩ ቢሰማው የሚገባው ዓይነት ነው። የብረት ዕድሜ እንደ ጎተራ እህል ነው። እያንዳንዱ የመንገድ ጉድጓድ ከጎተራው ይሰፍራል፤ ትንሹ ጉድጓድ በጣሳ፣ ትልቁ በቁና። ጎተራው ሲሟጠጥ ብረቱ ይሰነጠቃል። በተበየደ ብረት ላይ ስፍሩ እጅግ ይከፋል፤ ብየዳው ላይ የሚያርፈው ጫና እጥፍ ሲሆን ከዕድሜው የሚወሰደው ስምንት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ጫናው አንድ ተኩል ሲሆን እንኳ ድካሙ ከሦስት ጊዜ በላይ ይፈጥናል።

ይህ መጥፎ ዜና ብቻ አይደለም። ለድሃ አገር ፈታኝ በር የሚከፍትለት ይኸው ሕግ ነው። የጋሪን የአምስት ዓመት ዕድሜ ለማወቅ አምስት ዓመት መጠበቅ አይገባም፤ ጫናው በመጠኑ ተጨምሮ፣ መንገዱ ሆን ተብሎ ከፍቶ በጥቂት ሳምንት ይታወቃል።

ወደ ካዱ እንመለስ። ከአብዮቱ በኋላ ሥራው ወደ መላው አርሲ ሰፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ካዱ የአርሲ ገጠር ልማት ድርጅት ማለትም አርዱ ሆነ፤ ከጭላሎ ውጭ የነበሩት የጢቾና የአርባ ጉጉ አውራጃዎችም ተጨመሩ። የሮቤ መረሬ በዚያን ጊዜ በፕሮጀክቱ ክልል ውስጥ ገባ። የመሣሪያ ምርምሩ ባህልም አሰላን አልለቀቀም፤ ዛሬ በኦሮሚያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የአሰላ ግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል አለ። ወደ ቆላው ሲወረድ መልካሳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የእርሻ መሣሪያዎች ምርምር ማዕከል ተቋቋመ። ከመልካሳ ከወጡት ሥራዎች አንዱ አፈር ገልባጩን የብረት ማረሻ በገበሬው በራሱ እርፍና ሞፈር ላይ የሚገጥም ነው። ካዱ በፈተና ያገኘው መልስ እዚህ ላይ ፍሬ ይታይበታል፦ ሞፈሩን ማስጣል ትቶ ሞፈሩ ላይ መጨመር።

የትልልቁ መኪና ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ጣልያን በወረራው ዘመን መንገድ ሠርቶ የጭነት መኪና አስገባ፤ የጋራዡ ቋንቋችን እስከ ዛሬ ላሜራ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ፒስታ የሚለው ከዚያ ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርታት የጭነት ንጉሥ ሆኖ የኖረው ፊያት 682 ነበር። ኤን ትሬ የሚለው ስሙ በጣልያንኛ አነባበብ የሞዴሉ መለያ ነው። ብረቱ ወፍራም፣ ሞተሩ ትልቅ፣ ፍጥነቱ ዝግ ያለ መኪና ነበር። ብዙ ሕዝብ በጣውላ ካሶኒው ላይ ከእህል ጆንያ ጋር ተጉዟል። ኤን ትሬ ስለ ጥንካሬ የሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ ብረት መጨመር። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው አምቼም ይህንኑ የጣልያን የጭነት መኪና ዝርያ በአገር ውስጥ መገጣጠም ቀጠለ።

ከዚያ አይሱዙ መጣ። ፈጣን፣ ቀላልና በነዳጅ ቆጣቢ ነው፤ ኤን ትሬ ከማይደፍረው ገበያ ገብቶ ይወጣል። አሰላ ላይ እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተው የብቅል ፋብሪካ የሚፈልገው ገብስም፣ ከሮቤና ከበቆጂ ወደ አዳማ የሚወርደው ስንዴም በእሱ መጫን ጀመረ። ችግሩ የመጣው የቀላሉ መኪና ሻንሲ እንደ ከባዱ መኪና ሲጫን ነው። ባለቤቱ ባሌስትራ ያስጨምራል፤ ሻንሲው ላይ ብረት ያስለጥፋል፤ ርዝመቱን ያስቀጥላል። ባሌስትራ መጨመር መኪናው ጎንበስ እንዳይል ያደርጋል እንጂ ሻንሲውን አያጠነክረውም፤ እንዲያውም መንገዱ የሚሰጠው ምት ሳይለዝብ ወደ ሻንሲው ይወጣል። በሻንሲው ከንፈር ላይ በአግድም የሚደረግ ብየዳ ደግሞ ስንጥቅ የሚጀምርበትን ቦታ በእጅ እንደመሥራት ነው፤ የመኪና አምራቾች መመሪያ የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚለጠፈው ብረት ጫፉ በአንዴ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ጫናው ሁሉ እዚያ ጫፍ ላይ ይከማቻል። ሰያፍ ተደርጎ እየሳሳ እንዲያልቅ ቢቆረጥና በብሎን ቢታሰር ዕድሜው ይረዝማል። ይህ ምክር ብር አይጠይቅም፤ የመቁረጫው አቅጣጫ ብቻ ነው።

ቅጥቅጥ የተባለው አውቶቡስ የዚህ ዘመን ልጅ ነው። የጭነት አይሱዙ ሻንሲ ይወሰድና የአገር ውስጥ ጋራዥ በቱቦላሬ አጽም ያቆምለታል፣ ላሜራ ያለብሰዋል፣ መስኮትና ወንበር ይገጥምለታል። ስሙ ከሥራው የወጣ ነው፤ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ። ቅጥቅጥን የሚንቅ ሰው የደጋውን መንገድ አያውቅም። ትልቁ አውቶቡስ በማይገባበት ፒስታና ኮሮኮንች ላይ ተማሪውን፣ ነጋዴውን፣ በሽተኛውን ያመላለሰ ነው። የሠሪዎቹ እጅ ጥበብም የሚደነቅ ነው፤ ያለ ሥዕል ወረቀት፣ በሜትርና በዐይን ልክ ብቻ የቆመ አጽም ዓመታት ያገለግላል።

በቅጥቅጥ ላይ ስንጥቅ የት እንደሚጀምር ሠሪዎቹ ያውቃሉ። የበሩ ማዕዘን፣ የመስኮቱ ማዕዘን፣ አጽሙ ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት ቦታ። የአንዱ ጎን ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባና የሌላው ጎን ኮረት ላይ ሲወጣ የመኪናው አካል እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይጠመዘዛል፤ ሳጥኑ የተከፈተበት ቦታ፣ ማለትም በሩ፣ መጠምዘዙን ቀድሞ ይቀበላል። መፍትሔ ብለው የሚጨምሩት ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ብረት ነው። በዚህም አካሉ ይከብዳል፤ ተሳፋሪ ሳይጫን የሻንሲው አቅም ከፊሉ ያልቃል። አገሪቱ የጭነት ክብደት የሚቆጣጠሩ ሚዛኖች አሏት፤ የሞጆው ለብዙ ሾፌር የታወቀ ነው። አዲስ የተሠራ ባዶ አካል ግን ከጋራዥ ሲወጣ አካሉ ብቻውን ስንት ኪሎ እንደሆነ ሠሪው ቢጠየቅ መልሱ ግምት ነው።

ክብደት ለመንገዱም ዕዳ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ በኦታዋ ከተማ አጠገብ ልዩ የፈተና ጎዳና ሠርተው የጦር ሠራዊት ሾፌሮችን ሌት ተቀን አስነድተው ነበር። 27 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት። ያገኙት ሕግ ዛሬም ይሠራበታል፤ በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። የተጎዳው መንገድ ደግሞ ተመልሶ መኪናውን ይደበድባል። የ27 ሚሊዮኑ ፈተና ውጤት ለሁሉም ክፍት ስለሆነ አርሲ እንደገና ሊከፍልበት አይገባም።

አርሲ ራሱ መፈተን ያለበት የራሱን ብየዳ፣ የራሱን ጋሪ፣ የራሱን ተሳቢ ነው። ይህም ከሚታሰበው በላይ ርካሽ ነው። አንዱ መንገድ የድሮ የባቡር ሠራተኞች ዘዴ ነው፤ ላምባና ጠመኔ። ብየዳው ከዝገትና ከቀለም ይጸዳል፤ ላምባ ይቀባል፤ ጥቂት ጊዜ ተሰጥቶት በደረቅ ጨርቅ ድርቅ እስኪል ይወለወላል፤ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነስበታል። ዐይን የማያየው ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ተመልሶ ይወጣና ነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ያሰምራል። ፀጉር የመሰለ መስመር ነው። ይህን ያየ በያጅ መኪናው ሮቤ መንገድ ላይ ከመሰበሩ በፊት ይጠግነዋል። ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ወጪው ግማሽ ሊትር ላምባና አንድ ጠመኔ ነው።

ሁለተኛው የግንድ መንገድ ነው። ጠንካራ መሬት ላይ ክብ መንገድ ይቀየስና ግንዶች ይተከሉበታል፤ አንዴ በግራ ጎማ፣ አንዴ በቀኝ፣ ርቀታቸው እኩል ሳይሆን፤ እኩል ከሆነ ጋሪው መንገዱን ይለምደዋል፣ አንድ ዓይነት ምት ብቻ ይቀበላል። በኩንታል የተመዘነ የአሸዋ ጆንያ ይጫናል። ሁለት ጋሪ ወይም ሁለት ተሳቢ፣ አንዱ በቆየው አሠራር፣ አንዱ ቀለል ብሎ በአዲሱ፣ በእኩል ጭነት በዚያው መንገድ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ዙሩ ይቆጠራል። በየመቶ ዙሩ በላምባና በጠመኔ ይታያሉ። አዲሱ ጋሪ በፍጹም አይሰበርም የሚል ማስረጃ ከዚህ አይገኝም፤ ከአሮጌው ይሻላል ወይስ ይብሳል ለሚለው ግን ሁነኛ መልስ ይገኛል። ለጋሪ ሠሪ የሚጠቅመው ጥያቄም ይኸው ነው።

ጥቂት ገንዘብ ያለው ከዚህ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካ ውስጥ ኤድዋርድ ሲመንስና አርተር ሩጅ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በየፊናቸው የደረሱበት፣ ብረት ላይ የሚለጠፍ ቀጭን ሽቦ አለ። ከጣት ጥፍር አይበልጥም። ብረቱ ሲሳብ ሽቦው አብሮ ይሳባል፤ የኤሌክትሪክ ባሕርዩም ይለወጣል፤ ለውጡ ይለካል። የቬለር የዚንክ ሰሌዳ በትንሹ ማለት ነው። ከሮቤ አሰላ የሚመላለስ አንድ ቅጥቅጥ በሩ ማዕዘን ላይ እንዲህ ያለ ሽቦ ተለጥፎለት ለአንድ ሳምንት ቢሄድ፣ የትኛው ብረት ያለ ሥራ እንደሚከብድና የትኛው ሊጠነክር እንደሚገባው በግምት ሳይሆን በቁጥር ይታወቃል። ያለ ሥራ የሚከብደው ከተቀነሰ በእሱ ቦታ ሰው ወይም እህል ይጫናል።

የአሰላ ግብርና ምህንድስና ማዕከል የካዱን የፈተና ባህል የወረሰ ነው። አርሲ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አሰላ አለ፤ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ከአሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ የመመረቂያ ርእስ የሚፈልጉ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎችን በየዓመቱ ያስመርቃል። እነዚህን ከጋሪ ሠሪውና ከቅጥቅጥ ሠሪው ጋር የሚያገናኝ አንድ የግንድ መንገድና ለሁሉም ክፍት የሆነ አንድ መዝገብ ይጎድላል። ካዱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ያልሰመረውን ማረሻ እንኳ ጽፎ አልፏል፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ኋላ የሚመጣው መሐንዲስ የቀደመውን ስሕተት ሳይደግም እንዲሠራ ያስችለዋል። የጋራዡ እውቀት ግን አሁንም በበያጁ እጅ ውስጥ ነው፤ እሱ ሙያውን ሲተው አብሮት ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ወጣት ያንኑ ስንጥቅ እንደገና በተሳፋሪ ላይ ይማራል።

ስለዚህ ማዕከሉም ዩኒቨርሲቲዎቹም እስኪነሡ ሳይጠበቅ ለሮቤና ለአሰላ በያጆች አንድ ልመና አለ። ለጥገና የመጣ ስንጥቅ ከመበየዱ በፊት የተሰነጠቀበት ቦታ፣ ቀኑ፣ መኪናው ወይም ጋሪው የተሠራበት ዓመትና ሲሰበር ጭኖት የነበረው ኩንታል በደብተር ይጻፍ።